ቀልድ የጻፈ እጅ

ሰሞኑን ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ቡና ላይ ቁጭ ብለን አንድ የሰፈራችን ልጅ ደብተሩን አወጣ። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አጫጭር አስቂኝ ድራማ ይጽፋል። አሁን ልቦለድ ጀምሯል። አብረውን የነበሩ አንድ መምህር አንዱን ገጽ አነበቡና «አንተ ልጅ፣ ቀልድ ሌላ፣ ድርሰት ሌላ» አሉት። ልጁ ደብተሩን ዘጋ። ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም።

መምህሩን አከብራቸዋለሁ። በዚህ ግን ተሳስተዋል።

አሜሪካዊቷን ማሪያ ሴምፕልን እንውሰድ። «ማድ አባውት ዩ» እና «አሬስትድ ዴቨሎፕመንት» ለተባሉት ሲትኮሞች፣ ማለትም ለአጫጭር አስቂኝ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች፣ ጽፋለች። የመጀመሪያ ልቦለዷ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በ2012 ያሳተመችው ሁለተኛው ደግሞ ስሟን አገነነው፤ በ2019 ፊልም ሆነ። መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ልጅ የጠፋች እናቷን በኢሜይልና በደብዳቤ ክምር ውስጥ ትፈልጋለች። ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ? እኔ ከሲትኮም ነው እላለሁ። ሲትኮም ላይ ደራሲው መሀል ገብቶ «ሴትዮዋ ቀናተኛ ናት» ሊል አይችልም። ቅናቷ ከራሷ አፍ ማምለጥ አለበት። ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ደራሲዋ ዞር ትላለች፤ ሰዎቹ በገዛ ቃላቸው ይጋለጣሉ።

ሰዓቱም ያስተምራል። የአሜሪካ የግማሽ ሰዓት ሲትኮም ማስታወቂያው ሲቀነስ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ጠቡ በዚያች ውስጥ ተነስቶ፣ ተካሮ፣ መላ ማግኘት አለበት። እኛ ጋ ስንት ልቦለድ አለ፣ ገና ሰው ሳያናግር በተራራና በጀምበር ገለጻ የሚያደክም!

ደግሞ የእኛ አንባቢ ጆሮው ንቁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስንቱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶ ወደደው። ከሌላ ዓይነት ጽሑፍ ወደ ልቦለድ መምጣትም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በዓሉ ግርማም የመጣው ከጋዜጠኝነት ነው።

እርግጥ ልቦለድ ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ሲትኮም ብዙውን ጊዜ በቡድን ይጻፋል፤ የጎደለውን ተዋናዩ በፊቱ ይሞላዋል። ልቦለድ ላይ ብቻህን ነህ። የሰውየውን ዝምታ ሳይቀር አንተ ትጽፈዋለህ። ልጁ መስማት የነበረበት ይህን ነበር።

ገጹን እኔም አይቼዋለሁ። አንዲት እናት መርካቶ ላይ በሩብ ኪሎ ቡና ይከራከራሉ። «ለእንግዳ ነው» ይላሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና «ለእንግዳ ነው እኮ» ይላሉ። ስለ ችግራቸው አንድ ቃል አልተጻፈም። እኔ ግን እንግዳ እንደሌለ ገብቶኛል። ነገ ልጁን ፈልጌ ቀጣዩን ገጽ እጠይቀዋለሁ።