የኛ ሰው ሲሳደብ

አሜሪካ ውስጥ ስድብ እንጀራ ነው። ማይክራፎን፣ ስቱዲዮና የሚያጨበጭብ ወገን ካለህ ተሳድበህ ቤት ትሠራለህ። ችግር የሚመጣው ስድቡ ወሰን ሲያልፍ ነው። ወሰኑ የት ጋ ነው? እሱን ለመመለስ መጀመሪያ ተሳዳቢው የየትኛው ፓርቲ ሰው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀኝ ዘመሙን የሬዲዮ ሰው ራሽ ሊምቦን የሚያስታውስ አይጠፋም። በ2012 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሳንድራ ፍሉክ የምትባል የጆርጅታውን የሕግ ተማሪ፣ የእርግዝና መከላከያ በጤና መድን ይሸፈን ብላ የምክር ቤት አባላት ፊት ተናገረች። ሊምቦ በሬዲዮ ብቅ ብሎ ሴተኛ አዳሪ አላት። አንዴ ቢላት አምልጦት ነው እንል ነበር። እሱ ግን በነጋታው ተመልሶ መጣ፤ ጨመረበት። ኦባማ ራሳቸው ደውለው አጽናኗት። ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ድርጅቶች አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ አሉ። ያኔ ሊምቦ ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ ግን የቃላት ምርጫ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አርፎ በተቀመጠበት ቃላቱ ራሳቸው ተነስተው አየር ላይ የወጡ ነው የሚመስለው።

ሪፐብሊካኖቹ ታዲያ ዝርዝር ይዘው መጡ። የግራ ዘመሙ ኤድ ሹልትዝ ዓመት እንኳ ሳይሞላው የቀኝ ዘመሟን የሬዲዮ ሰው ላውራ ኢንግራምን በዚያው ዓይነት ስድብ አላሞለጫትም ወይ? ኮሜዲያኑ ቢል ማርስ (ማር ማለቴ ነው) የሪፐብሊካኖቹን ፖለቲከኛ ሳራ ፔለንን ምን ነበር ያላት? ደግሞ ማር በዚያው የካቲት ኦባማን ለሚደግፍ ቡድን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። መልሱት! ተባለ። አልተመለሰም። ሚሊዮን ዶላር ይሉኝታ አያውቅም።

ሹልትዝ በነገራችን ላይ ወዲያው ሰበብ ሳያበዛ ይቅርታ ጠይቆ፣ ለሳምንት ያለ ደሞዝ ከስክሪን ወርዷል። ይሄ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ዝርዝር የያዘው ሰው ኢንግራም ስትሰደብ አዝኖ አይደለም እኮ። ስድቡን እንደ ደረሰኝ አጣጥፎ ለክፉ ቀን አስቀምጦት ነው።

በ2018 ደግሞ ሁለቱም ወገን በተከታታይ ቀን ተራ ደረሳቸው። ትራምፕን የምትደግፈው ኮሜዲያን ሮዛን ባር፣ የኦባማ አማካሪ በነበሩት በቫለሪ ጃሬት ላይ የዘረኝነት ነገር ጻፈች። ፕሮግራሟን የሚያሳየው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቢሲ በዚያው ቀን ዘጋው። ሮዛን ሌሊት የእንቅልፍ ኪኒን ወስጄ ነበር አለች። የናቴ መቀነት አደናቀፈኝ ይሏል ይሄ ነው። መድኃኒቱን የሚያመርተው ሳኖፊ ሳይቀር መልስ ሰጠ፦ መድኃኒት ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳት አለው፣ የኛ መድኃኒት ግን ዘረኛ ያደርጋል ሲባል አልሰማንም!

በማግስቱ የግራ ዘመሟ ኮሜዲያን ሳማንታ ቢ በቴሌቪዥን የትራምፕን ልጅ ኢቫንካን ነውረኛ ስድብ ሰደበቻት። ይቅርታ ጠየቀች፤ ፕሮግራሟ ቀጠለ። የቀኙ ጎራ፣ ሮዛን ተባርራ ይቺስ? ብሎ ጮኸ። የግራው ደግሞ ባንዴ ሊቅ ሆነ፦ ዘረኝነት ሌላ፣ ባለጌ ቃል ሌላ። ትራምፕም ቅሬታ ነበራቸው። የኤቢሲ አለቃ ለጃሬት ደውሎ ይቅርታ ጠይቋል፤ ለኔስ ለምን አይደወልም? አሉ። የአሜሪካ ፕሬዝዳንት፣ ስልክ ጠባቂ።

ልዩነቱ የለም እያልኩ አይደለም። አለ። የኔ ጥያቄ ልዩነቱን ለማየት መነጽራችንን የምናነሳው ለምን የኛ ሰው ሲያጠፋ ብቻ ይሆናል ነው። የራስ ልጅ ሲሳደብ አፉን ፈታ፣ የጎረቤት ልጅ ሲሳደብ አሳዳጊ የበደለው።

በጥር 2025 ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የመናገር ነፃነትን እመልሳለሁ ብለው ፈረሙ። መስከረም ላይ የትራምፕ ደጋፊ የነበረው የቀኝ ዘመም አቀንቃኝ ቻርሊ ከርክ ተገደለ። በኤቢሲ የማታ ፕሮግራም ያለው ኮሜዲያን ጂሚ ኪመል ግድያውን ከትራምፕ ደጋፊዎች ጋር አያይዞ የተናገረው ቁጣ ቀሰቀሰ። የመንግሥት የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኃላፊ ብሬንዳን ካር፣ በቀላሉም በከባዱም ልንጨርሰው እንችላለን ብሎ ኤቢሲን አስጠነቀቀ። ፕሮግራሙ ታገደ። ትራምፕ ጣቢያውን እንኳን ደስ ያለህ አሉት። ሳምንት ሳይሞላ ኪመል ተመለሰ እንጂ። መንግሥት ሲያስፈራራና ቀጣሪ ሲያባርር አንድ አይደለም፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ይከፋል። ከራሳቸው ከሪፐብሊካኖቹ ጎራ ሴናተር ቴድ ክሩዝ የመንግሥት ማስፈራራት አደገኛ ነው ብለው ካርን ነቅፈዋል። እሳቸውን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ብዙ ጓደኛ ግን አላገኙም።

ያን ሰሞን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ያበሻ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ስለ ኪመል ያወራል። ኮፍያ ያጠለቀው ሰውዬ፣ «እሰይ! አፍ ሲበዛ እንዲህ ነው» አለ። ማዶ የተቀመጠው ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «ጋሼ፣ ሮዛን ስትባረር መናገር መብት ነው ብለው አልነበር?» ሲል ጠየቀ።

«እሷ እኮ ኮሜዲያን ናት።»

«ኪመልስ?»

«እሱ ፖለቲከኛ ነው።» ቤቱ ሳቀ።

ማኪያቶውም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ሮዛን ስትባረር ያጨበጨበ እሱ ነው። ነገሩ ሲካረር ስልኬን አወጣሁና ከሁለቱ ጎራ ባንዱ የተሰነዘረ አንድ የከረረ ስድብ፣ ስም ሳልጠራ፣ ላነብላቸው ጀመርኩ። ይሄ ነውር ነው አይደለም? በሉ ፍረዱ አልኳቸው።

ሁለቱ እኩል አፋቸውን ከፈቱ፦ «ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ማን ነው ያለው?»