ካይሮን ማን ያጥናልን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በጎጃም ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሌላውን ዓለም፣ በተለይ የናይልን ተፋሰስና የዐረቡን አገር፣ የሚያጠና ተቋም ይክፈት? «ይክፈት» የምትለው ባሕር ዳር የፖለቲካ ሳይንስ አስተማሪ ናት። «አይክፈት» የሚሉት ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ድሮ አስተምረዋታል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ከዳንግላ ልጀምር። ከ1925 ጀምሮ ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ቆንስል እዚያ ተቀምጦ ነበር። ዳንግላ ላይ ቆንስል! ሰውየው በበቅሎ የዓባይን ሸለቆ ተከተለ፣ ጣናን ዞረ፣ ካርታ አነሳ። በ1936 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። አገሩ በግብፅና በሱዳን ላይ እጇ ነበረበት፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ፈልጋለች። ከዚያ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት መጥቶ ዓባይን አጠና፤ ውጤቱን በ1964 አወጣ። ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1947 የሱዳን ጥናት ተቋም ነበረው። በ1970 የአፍሪካ ጥናት ተቋም ሆነ።

እነሱ እኛን ሲያነቡን ስንት ዘመናቸው! እኛስ እነሱን የምናነብበት ቤት የት አለን? ተማሪዎቼ ስለ ግብፅ የሚያውቁት ከፌስቡክ ነው። «የግብፅ የዓመት የናይል ድርሻ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ» የሚለውን ቁጥር ሁሉም ይጮኽበታል። ግብፅና ሱዳን ሁለት ሆነው በ1959 የተፈራረሙት መሆኑን ስጠይቅ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ዐረብኛማ አይነሳ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ልጄ፣ ቺዝማንን ማንሳትሽ የሚጠቅመው እኔን ነው። እነዚህ ተቋማት ለምን ተወለዱ? ለንደን የምሥራቅ ጥናት ትምህርት ቤቷን በ1916 ስታቋቁም ቅኝ ግዛት የሚያስተዳድርላት ሹም ቋንቋ እንዲማር ብላ ነው። ሐምቡርግ በ1908 የከፈተችውን «የቅኝ ግዛት ተቋም» ብላ ነው የሰየመችው። ቢያንስ አልዋሸችም። አሜሪካም በ1957 ሩሲያ ሳተላይት ስታመጥቅ ደነገጠች፤ በዓመቱ ለቋንቋና ለቀጣና ጥናት ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጣች። ሕጉ ስሙ ላይ «መከላከያ» የሚል ቃል አለበት።

ሌላም አለ። ካርታ ፊት አቁሜሽ አውቃለሁ። «መካከለኛው ምሥራቅ» የማን ምሥራቅ ነው? የለንደን ነዋ! ደብረ ማርቆስ ላይ ቆመሽ ስታዪ ካይሮ ሰሜን ናት፤ የመን ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሌላ ሰው ቆራርሶ ያስቀመጠውን ዓለም እንዳለ ተቀብለን በር ላይ ልንሰቅለው ነው።

ደግሞስ የራሳችን ጓዳ አልቆ ነው? የደጋ ዳሞትን ርስት አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ ያወጣው አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እኛ እስከ ዛሬ እሱን እንጠቅሳለን። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት ገና በወጉ ሳይጠና፣ ካይሮ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ከባሕር ዳር፦ ተረቷ ደርሳኛለች። ጠመንጃም ከገዢዎቹ አገር ነው የመጣው፣ ጋሼ፤ ዓድዋ ላይ ግን ለእኛ ተኮሰ።

ድስታችን ያረረውም የሰውን ስላማሰልን አይደለም። ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ውል ፈርመዋል። በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ወንዝ ላይ ስለሚሠራ ሥራ የሚያወራው አንቀጽ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው አንድ ነው፣ አይደለም እየተባለ እስካሁን ያጨቃጭቃል። በእንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ላይ የሌላውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ከሌለን ምን ይዘን እንቀርባለን?

ቅኔ ቤቱን ካነሡት ደግሞ፣ የቆሎ ተማሪው ምን ነበር የሚያደርገው? ቀዬውን ጥሎ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ በሰው ደጅ ይቆማል። የጎንጅን ለዛ የሚይዘው ጎንጅ ኖሮ ነው። ለእኔ የቀጣና ጥናት ይኸው ነው። ከለንደን አልተዋስነውም።

ከደብረ ማርቆስ፦ አኩፋዳዋን ወድጃታለሁ። ግን እኮ ልጁ ወደ መምህሩ ሄደ! መምህሩ አልመጣለትም። የአንቺ ተማሪ ጣና ዳር ማኪያቶውን እየጠጣ ካይሮን ሊያውቅ ነው።

ልንገርሽ። ጎረቤቴ ያለች ልጅ ቤይሩት አራት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች። ስልክ ስታወራ ብትሰሚያት! የእመቤቲቱን ቁጣ፣ የባለ ሱቁን ቀልድ፣ የቴሌቪዥኑን ዜና አብጠርጥራ ታውቃለች። ማን ከየትኛው ሰፈር እንደሆነ በአነጋገሩ ትለያለች። ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ነው። አሁን ድንች ትሸጣለች። ተቋምሽ ይህችን ልጅ በሩ ላይ ዲግሪ ይጠይቃታል፤ ዐረብኛ ለማይችለው ባለ ዶክትሬት ግን ቢሮ ይሰጠዋል። እኔ የምቃወመው ይህን ነው፤ ካይሮን ማወቅን አይደለም።

ከባሕር ዳር፦ ይችን ልጅ ነው እኮ የምፈልጋት! መምህሩ አይመጣም ያሉትን ግን አልቀበልም። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የእኛ መነኩሴ ናቸው በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ከተማ ድረስ የሄዱለት። ከእሳቸው እየጠየቀ የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናት አባት የሚባለው እሱ ነው። አባን ዲግሪ የጠየቃቸው አለ?

እኔ የምለው፣ መጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ ይሁን። የሚያስተምሩትም ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከካርቱም የተመለሱ ልጆች ይሁኑ። ሰዋስው የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ተማሪው አኩፋዳውን ያንግት፤ ይሂድ።

ከደብረ ማርቆስ፦ አባ ጎርጎርዮስን የጠራቸው የጎታ መስፍን ነው፤ ቀለባቸውን ችሏል። የጎረቤቴን ልጅ ቀለብ ማን ይችላል? የዩኒቨርሲቲው የደመወዝ እርከን ስምንተኛ ክፍልን ምን ብሎ ይቀጥራል? «ጽዳት» ብሎ ካልሆነ። ቢሆንም ለአንድ ነገር እሺ ልበልሽ። አንድ ክፍል፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ ያቺ ልጅ፣ ሃያ ተማሪ። ዳይሬክተር የለም፣ ምረቃ የለም፣ በር ላይ ታፔላ የለም። ተቋም የሚለው ቃል አምስት ዓመት ይቆይ።

ከባሕር ዳር፦ ታፔላ ከሌለ በጀት የለም፣ ጋሼ። ይህን ከእኔ የበለጠ እርስዎ ያውቁታል።