ዓለም ሳይፈጠር ቃለ ጉባኤ ለያዙት

እነዚህን ሰዎች ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው። ታውቋቸዋላችሁ፤ በየጸሎት ቤቱና በየማኅበሩ አይጠፉም። እግዚአብሔር ለመዳን ማንን እንደመረጠ፣ ማንን እንደተወ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ ያውቃሉ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ዓለም ሳይፈጠር መረጠን» ብሎ ሲጽፍ ወሬውን በሩቁ የሰማ ይመስላል። የእኛዎቹ ግን ስብሰባው ላይ ነበሩ።

ነበሩ እንጂ! ያለ እነርሱ ቃለ ጉባኤውን ማን ይይዝ ነበር? ብርሃን ገና ስላልተፈጠረ በጨለማ ጻፉ፤ ወንበር ስላልነበረ ቆመው ጻፉ። አጀንዳ አንድ፦ የጸሐፊው መመረጥ፤ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። አጀንዳ ሁለት፦ የጸሐፊው ባለቤት፤ ከመጠነኛ ውይይት በኋላ አለፈ። አጀንዳ ሦስት፦ ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤት፤ የወሰን ክርክር ስላለበት ውድቅ ሆነ። የአማትየው ስም ሲነሳ ምልአተ ጉባኤው ጎደለ። ምሳ ገና አልተፈጠረም፤ አበል ግን ነበር። በመጨረሻ ማኅተም ተመታበት፤ ዋናው ሰማይ ቀረ፣ ግልባጩ ከጸሐፊው ኪስ ገባ።

ባለፈው ሰሞን አንዱ ይህንኑ ግልባጭ ይዞ ለቅሶ ቤት መጣ። ጨቅላዋን ቀብራ ከተመለሰች እናት አጠገብ ተቀምጦ «ሕፃኑ ከተመረጡት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ። አፍህ ይቆረጥ! ውሃ ማቀበል ቢያቅትህ ዝም ማለት እንዴት ያቅትሃል? በዚህ የምርጫ ትምህርት ጥብቅነቱ የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1619 በሆላንድ ዶርድሬክት ከተማ የተሰበሰበው የፕሮቴስታንቶች ሲኖዶስ እንኳ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ወላጆች በሕፃንነት የሞቱባቸውን ልጆች መመረጥ እንዳይጠራጠሩ ጽፏል። የልዑልን ስውር ምክር መጎርጎርም አይገባም ብሏል።

ለነገሩ የዶርድሬክት ሰዎች ከስድስት ወር በላይ ቢቀመጡ ምን ያውቃሉ? የተሰበሰቡት ከፍጥረት በኋላ ነው።

ጸሐፊዎቻችን ጥቅስም አያልቅባቸውም። ያዕቆብና ዔሳው ሲነሱ ያዕቆብ ማን፣ ዔሳው ማን እንደሆነ በጣት ያሳያሉ። አሞጽ ምዕራፍ 3 ላይ «ከምድር ወገን ሁሉ እናንተን ብቻ አወቅሁ» የሚለውንም በዜማ ይሉታል። ቁጥሩ ግን በዚያ አያበቃም፤ «ስለዚህ ስለ ኃጢአታችሁ ሁሉ እቀጣችኋለሁ» ብሎ ይቀጥላል። ይህ በእነርሱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የለም። ምናልባት አጀንዳው ሲነሳ ፈቃድ ጠይቀው ወጥተው ይሆናል።