መንጋጋው ከተጋጠመ በኋላስ?

ምላስ ሥር ወይም ጉሮሮ ውስጥ የበቀለን የካንሰር ዕጢ በአፍ በኩል ማውጣት አንዳንዴ አይቻልም። ያኔ ሐኪሙ የታችኛውን ከንፈርና አገጭ ሰንጥቆ፣ የመንጋጋውን አጥንት ከፊት በኩል ቆርጦ እንደ በር ወደ ጎን ይከፍተዋል። ዕጢው ሲወጣ አጥንቱ ተመልሶ ቲታኒየም በሚባል ብረትና በብሎን ይታሰራል። ሲሰሙት ያስፈራል፤ ግን ሕይወት ያተርፋል።

የእኔ ጭንቀት ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ዕጢው ወጥቶ ቁስሉ ስለደረቀ ብቻ ሰውየው ታክሞ ጨረሰ ማለት አይደለም።

መንጋጋው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ልክ መሃሉ ላይ ሳይሆን፣ በክራንቻና ከጎኑ ባለው የፊት ጥርስ መካከል ነው። እንዲህ ሲሆን ምላስን ወደፊት የሚስቡት ጡንቻዎች ከአጥንቱ አይላቀቁም። ለአገጭና ለከንፈር ስሜት የሚሰጠው ነርቭም የመትረፍ ዕድል ያገኛል። ሐኪሙ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ታካሚው ነገ እንዲበላና እንዲናገር ነው። ታዲያ ይህ ልፋት ከሆስፒታል ሲወጣ ለምን ባለቤት ያጣል?

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጠባሳው ይጠነክራል። የጨረር ሕክምና ከተከተለ የማኘኪያ ጡንቻዎች ይደርቃሉ፣ ምራቅም ይቀንሳል። አፍ ከ35 ሚሊሜትር በላይ አልከፈት ካለ ጥርስ መቦረሽ እንኳ ሊከብድ ይችላል። ጨረር ካገኘው መንጋጋ ላይ ጥርስ መንቀል ደግሞ አጥንቱን አደጋ ላይ ይጥላል። እኛ ጋ የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው። ጉርሻ አፉ የማይገባለት፣ ውሃ ትን የሚለው ሰው ከማዕድ ይሸሻል። “በልቻለሁ” ብሎ አጥሚቱን ጓዳ ውስጥ ብቻውን ይጠጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቢያንስ ከፊሉን መከላከል ይቻል ነበር።

ሐኪሙ ሲፈቅድ ሳይዘገይ የሚጀመር፣ በየቀኑ የሚደጋገም አፍ የመክፈት ልምምድ አለ። ጉሮሮ ለማየት የምናውቃቸውን ስስ እንጨቶች ደራርቦ ጥርስ መሃል ማስገባት፣ ቀስ በቀስም አንድ አንድ መጨመር ነው። አዋዋጥ ግን በግምት አይሠራም። አገጭን ዝቅ አድርጎ መዋጥ አንዱን ሲረዳ ሌላውን ላይረዳ ስለሚችል ባለሙያ ማየት አለበት። በአገራችን የንግግርና የመዋጥ ቴራፒስቶች እጅግ ጥቂት ናቸው። እነሱ እስኪበዙ ድረስ ካንሰር ክፍል ያሉ ነርሶችንና ፊዚዮቴራፒስቶችን ማሠልጠን ይቻላል።

የአፍ አከፋፈት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተለክቶ ካርድ ላይ ይጻፍ። በየቀጠሮውም ይለካ፤ ማስመሪያ ይበቃል። አስታማሚዎችም “ዕጢው ተመልሷል ወይ?” ብላችሁ ስትጠይቁ፣ “አፉ ስንት ተከፈተ? አሁን ምን መብላት ይችላል?” ብላችሁ ጨምሩበት።