ክርክር፦ ኢቫን መኖር ነበረበት ወይስ ባይወለድ ይሻል ነበር?

በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ባተርፍላይ ኢፌክት» የልጅነት ማስታወሻ ደብተሮቹን እያነበበ ወደ ኋላ የሚመለስና ያለፈውን የሚለውጥ የኢቫን ታሪክ ነው። ፊልሙ ከአንድ በላይ ፍጻሜ አለው፤ ክርክሩ በሁለቱ ላይ ነው። ሲኒማ ቤት በታየው፣ ኢቫን የሚወዳትን ኬይሊን ገና በልጅነቷ ከራሱ ያርቃታል። በዳይሬክተሮቹ ቅጂ ግን ወደ እናቱ ማህፀን ተመልሶ ሳይወለድ ይሞታል።

ለሲኒማ ቤቱ ፍጻሜ

ትንሹ ኢቫን ወደ ኬይሊ ጆሮ ጠጋ ብሎ እንደሚጠላት፣ ዳግም ከቀረበችው እሷንም ቤተሰቧንም እንደሚገድል ይነግራታል። ልጅቷ እያለቀሰች ትሸሻለች። ያዳናት ግን ይኸው ጭካኔ ነው፤ ወላጆቿ ሲለያዩ ከሚበድላት አባቷ ጋር የቀረችው ከኢቫን ላለመራቅ ነበርና። እሱ ፍቅሩን ብቻውን ተሸክሞ ይኖራል። ከዚህ የከበደ መስዋዕትነት አላውቅም።

ለዳይሬክተሮቹ ቅጂ

ወንድሜ፣ ፊልሙ ከመነሻው የሚነግረን አንዱ ሲድን ሌላው እንደሚወድቅ ነው። ኢቫን የልጅነቱን የድማሚት አደጋ ለማስቀረት ሲሞክር ሁለት እጁን አጣ፤ ኬይሊ የጓደኛው የሌኒ ፍቅረኛ ሆነች፤ እናቱ በሐዘን ሲጋራ ላይ ወድቃ የሳንባ ካንሰር ያዛት። የኬይሊን አባት በቃላት ሲገስጸው እንኳ ሰውየው ክፋቱን ወደ ልጁ ወደ ቶሚ አዞረው። ታዲያ የመጨረሻው ሙከራ ብቻ ማንንም ሳይጎዳ እንዴት ተሳካ? በእኔ ቅጂ እናቱ ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ሞተው እንደተወለዱባት ትነግረዋለች፤ መዳፍ አንባቢዋም የዕድሜ መስመር የለህም ትለዋለች። ፍጻሜው መሪር ቢሆንም መሠረቱ ቀድሞ ተጥሏል።

ለሲኒማ ቤቱ ፍጻሜ

እህቴ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው መሠረት ነው። በልጅነቱ የተበደለና «እኔ ባልኖር ለሁሉም ይሻል ነበር» እያለ የሚብሰለሰል ወጣት ሲያየው፣ ፊልሙ «ልክ ነህ» ይለዋል። ሕፃናት ላይ ካሜራ የደቀነው እኮ የኬይሊ አባት ነው! የሌላ ሰው ወንጀል ስለምን በኢቫን ሞት ይከፈላል?

ለዳይሬክተሮቹ ቅጂ

በአንተም ፍጻሜ ቢሆን አባትየው ሲጠየቅ አላየንም፤ ኬይሊ አመለጠች እንጂ ፍርድ አልተሰጠም። ስለ ወጣቱ ያልከው ግን ልቤን ይነካዋል፤ ይህን ቅጂ ለተጨነቀ ሰው ብቻውን እንዲያየው አልሰጥም። ታሪኩን ስመዝን ግን አቋሜ ያው ነው። ኢቫን ከስምንት ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ኬይሊን አይቷት ሲያልፍ፣ እሱም ደህና፣ እሷም ደህና፣ ሁሉም ደህና ነው። እስከዚያ ድረስ ያየሁት ፊልም እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም።