ጨለማ አልነበረም

ወገኖቼ፣ ስማችሁ በሌብነት ተነሥቶ የማያውቅ ሰዎች ናችሁ። ዛሬ የምወቅሰውም እናንተን ነው።

ያን ዕለት የጭነት መኪናው ተገልብጦ፣ የሾፌሩ እግር ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ ነበር። «ወንድሞቼ፣ እግሬን!» እያለ ሲጣራ እናንተ ካርቶን ትቀባበሉ ነበር። አንድ አባት ልጁን በተሰበረው መስኮት አስገብቶ «ትልቁን አቀብለኝ» ሲለው ሰማሁ። ሾፌሩ ውኃ ለመነ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። በመጨረሻ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። ሕጉ በአካባቢው ስላልነበረ ማን ይስማው!

ከዚያ ከሩቅ ሳይረን ተሰማ። የሰው ለቅሶ ያልገታው እጅ ሁሉ ባንዴ ተሰበሰበ፤ ካርቶኑ መንገድ ላይ ተበተነ፤ አካባቢው ጭር አለ። የመጣው ግን አምቡላንስ ነበር። ፖሊስ አለመሆኑን ስታዩ ተመለሳችሁ። ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህ ነው፤ ተመለሳችሁ! የሕክምና ባለሙያዎቹ ከተጨማደደው በር ጋር ሲታገሉ፣ እናንተ እየገፋችኋቸው የጣላችሁትን ለቀማችሁ።

እኛ ብቻ አይደለንም። በ1969 እንደ ጎርጎርሮሳውያኑ አቆጣጠር የካናዳዋ ከተማ የሞንትሪያል ፖሊሶች ሥራ ባቆሙባት አንዲት ቀን ባንኮች ተዘረፉ፤ ሱቆች ተሰባበሩ። ይህ ግን አያጽናናኝም።

በማግስቱ ደግሞ «ሕጉ ላልቶ ነው፤ እንዲህ ያለውን መስቀል ነበር» ስትሉ ሰማኋችሁ። በእንግሊዝ የኪስ ሌብነት እስከ 1808 በስቅላት ያስቀጣ ነበር፤ ኪስ አውላቂዎች ግን ስቅላት ሊያይ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ሳይቀር ሥራቸውን ይሠሩ ነበር። ሌባ የሚፈራው የገመዱን ውፍረት ሳይሆን መያዙን ነው። የሚያስይዘው ደግሞ ያየ ሰው ነው።

ያየሁት እኔ ነኝ። ካርቶን አልነካሁም፤ ሳይረኑ ሲሰማ ግን አብሬያችሁ ሮጫለሁ። አራት ሰዎች ለይቻለሁና ምስክር እንዳልባል ፈራሁ። መርማሪው ሲጠይቀኝም «ጨለማ ነበር» አልሁት። ጨለማ አልነበረም። አባትየውን በስሙ አውቀዋለሁ፤ ልጁንም።

ነገ ጠዋት ጣቢያ ሄጄ ቃሌን አስተካክላለሁ። ስለ ዋሸሁም የሚጠይቀኝን እጠየቃለሁ። ከእናንተ አንዱ ካርቶኑን ተሸክሞ ቀድሞኝ በሩ ላይ ባገኘው ከኋላው በደስታ እሰለፋለሁ። አይመስለኝም፤ ቢሆንም ትንሽ አርፍጄ እሄዳለሁ።