“ብዙ ነን” ብለው ብቻቸውን የቆሙት እናት

“ስንት ናችሁ?” ብሎ የጠየቃቸው የከተማው ምክር ቤት አባል ክፉ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ንቀት የለበትም፤ ከፊቱ ባለው ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ቁጥር ፈልጎ ነው። እኒያ እናት ግን ጥያቄውን በአማርኛ ሳደርስላቸው ወደ ኋላቸው ዞረው ወንበሮቹን አዩ። አብሬያቸው ዞርኩ። በአንድ ወገን ከከተማው ሌላ ዳርቻ የመጡ ሰዎች፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ልጅ ያቀፈችው ሳትቀር፣ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን፣ እኛ እንመጣለን ተብሎ በተጠበቀበት፣ የእሳቸው ካፖርት ብቻ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወደ ድምፅ ማጉያው ተመለሱና “ብዙ ነን ልጄ፤ ብዙ ነን በልልኝ” አሉኝ። አልኩላቸው። አስተርጓሚ የተነገረውን እንጂ የሚያየውን አይናገርም። ቃሉን በእንግሊዝኛ ስደግመው ከአዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዝም አሉ። የምክር ቤቱ አባልም አመስግኖ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈ።

ወገኖቼ፣ በዚህች ከተማ የምትኖሩ የአገሬ ልጆች፣ ያን ምሽት ይቅር ልላችሁ አልቻልኩም።

ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር የማታውቁ ትኖራላችሁና ልንገራችሁ፤ አለማወቃችሁም ከቁጣዬ ምክንያቶች አንዱ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በፈረሙት ሕግ መሠረት ለከተሞችና ለካውንቲዎች የማኅበረሰብ ልማት ድጎማ ይሰጣል። በከተማው አስተዳደር ቢሮዎች ሲዲቢጂ ሲሉት የምትሰሙት ይህንኑ ነው። በጥቅሉ 50,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላት ከተማ ድርሻዋን በየዓመቱ በቀጥታ ታገኛለች። የእኛዋ ትንሽ ከተማም ከእነዚህ አንዷ ናት። ገንዘቡ የትኛው መንገድ ላይ፣ የትኛው ሰፈር ውስጥ እንደሚውል ግን ዋሽንግተን አይወስንም፤ እዚሁ፣ እናንተ ልትሄዱበት ባልፈለጋችሁት አዳራሽ ውስጥ ይወሰናል።

ከተማዋም እንዳሻት አትበትነውም። ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ጥቅም መዋል አለበት፤ ይኸውም ገቢያቸው ከአካባቢው የመሃል ገቢ፣ ማለትም ግማሹ ቤተሰብ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ከሚያገኘው፣ 80 በመቶ ለማይበልጥ ቤተሰቦች ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች እነማን ይመስሏችኋል? መኪና ማቆሚያ የምንጠብቀው፣ አረጋውያን የምንንከባከበው፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ በተሽከርካሪ ወንበር የምንገፋው እኛ ነን። ከመቶው ዶላር ለአገልግሎት፣ ለምሳሌ ለልጆች የማስጠኛ ፕሮግራም ወይም ለአረጋውያን እንክብካቤ፣ ከ15 በላይ አይውልም። ለአስተዳደርና ለዕቅድ ሥራ ደግሞ ከ20 በላይ አይወጣም። ስለዚህ ትልቁ ድርሻ ለእግረኛ መንገድ፣ ለመብራት፣ ለአሮጌ ቤት ጥገና፣ ለማኅበረሰብ ማዕከልና ለመሳሰለው የሚተርፍ ነው። እግራችን የሚረግጠውና ዓይናችን የሚያየው ነገር ነው።

ደግሞም ከተማዋ ሳትጠይቀን መወሰን አትችልም። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕዝቡን በይፋ ሰብስባ መስማት አለባት። የዕቅዱን ረቂቅ ከ30 ቀን ላላነሰ ጊዜ ለአስተያየት ክፍት ማድረግ አለባት። በቃልም በጽሑፍም የመጣላትን አስተያየት አጠቃልላ ከዕቅዱ ጋር ማያያዝ፣ ያልተቀበለችውንም ለምን እንዳልተቀበለችው ጽፋ ማስረዳት ግዴታዋ ነው። እንግሊዝኛ የማይናገሩ ብዙ ነዋሪዎች ይመጣሉ ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜ እንዴት እንደምታስተናግዳቸውም አስቀድማ በዕቅድ ትይዛለች። በአዳራሹ በር ላይ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፤ ዜጋ መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ መኖር ይበቃል። የአገራችንን ሰው ስንት ዘመን “የሚሰማን አጣን” ሲል ሰምቼዋለሁ። እዚህ የሚሰማ ሰው ደመወዝ ተቆርጦለት፣ ጆሮውን ሰጥቶ ተቀምጧል። እኔ ያጣሁት ተናጋሪውን ነው።

ያን ምሽት የከተማዋ ሠራተኛ የጆሮ ማዳመጫዎቹን ሳጥን ከፍታ የእያንዳንዱን ባትሪ ፈተነች፤ ከዚያ በየወንበሩ ላይ አንድ አንድ አስቀመጠች። በጠረጴዛው ላይ በአማርኛ የታተመ የስም መመዝገቢያ ነበር። ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው እኒያ እናት በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው ገቡና አንዷን ማዳመጫ አነሱ። ሠራተኛዋ ጥቂት ጠብቃ፣ በሩን ሁለት ጊዜ አይታ፣ የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሰቻቸው። ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ፊቴን የማዞርበት አጣሁ።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፤ በአስተርጓሚ ለሚናገር እጥፍ ይሰጠዋል። እሳቸው አንዲቱንም ደቂቃ አላባከኑም። ከሕንፃቸው በር እስከ አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ ያለውን መንገድ በቃል አስኬዱን። አራት መኪና ጎን ለጎን የሚነዳበት አስፋልት ነው፤ ዜብራ የለውም። ከመቆሚያው በላይ ያለው መብራት ከጠፋ ቆይቷል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጎረቤታቸው ከእግረኛው መንገድ መውረጃ ስለሌለው በአስፋልቱ ጠርዝ፣ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ይሄዳል። “የጠርዙ ከፍታ ይህን ያህላል” ብለው እጃቸውን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ፣ ከቅልጥማቸው ላይ አደረጉ። እጃቸውን መተርጎም አልቻልኩም፤ የምክር ቤቱ አባላት ግን ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው አዩት። አምናችሁ ብትቀበሉኝ፣ በዚያ ምሽት ከተናገሩት ሁሉ እንደ እሳቸው ነገሩን አጥርቶ ያስረዳ አልነበረም። መሐንዲስ ቢሆን ንድፉን እዚያው ሊያነሳው ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ያ ጥያቄ የመጣው።

ከሌላው ዳርቻ የመጡት ሰዎች የጠየቁት በሰፈራቸው መናፈሻ ውስጥ የልጆች መጫወቻና መጸዳጃ ቤት እንዲታደስ ነው። የፊርማ ወረቀት ይዘዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይነሣለታል፤ አራት ሰው ተናገረ፣ የቀረው ቆሞ ደገፈ። አገኙ። ይገባቸዋልም፤ እንደ እኛ ደክመው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ቅናት የለኝም፤ ያለኝ እፍረት ነው።

በጸደይ ዕቅዱ ጸድቆ ሲወጣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጬ ፈለግኳቸው። አሉ። “አንዲት ነዋሪ በአውቶቡስ መቆሚያ አካባቢ የእግረኛ መሻገሪያና መብራት እንዲሠራ ጠይቀዋል” ይላል። መልሱም ከሥሩ አለ፤ ገንዘብ ሲገኝ ወደፊት ይታያል የሚል ነው። አንዲት ነዋሪ! በዚያ ሕንፃ ደረጃ ስወጣ በየበሩ የምሸተው የቡናና የበርበሬ ሽታ ነው። በዚያ መንገድ በየቀኑ ስንቱ ወገን ነፍሱን ይዞ ይሻገራል። መዝገቡ ላይ ግን አንዲት ነዋሪ ሆነን ቀርተናል።

ሥራ ነበረብን ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራውን፣ ሌሊት ሆስፒታል የምታድረውን አልወቅስም። የከተማዋንም ጥፋት አልሸፍንም፤ ማስታወቂያውን በደቃቅ እንግሊዝኛ ማንም በማያነበው የጋዜጣ ጥግ አውጥታ “ነግሬያለሁ” ማለት መንገር አይደለም። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር፣ በእንጀራ መሸጫዎቹ መስታወት ላይ በአማርኛ የተለጠፈውን ወረቀት በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ወረቀት አጠገብ ቆማችሁ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ስትከራከሩ ሰምቻችኋለሁ። መሰብሰብ ተስኖን አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከየግዛቱ እያንቀሳቀሰ የሚያገናኘን ሕዝብ ነን። ሰው ሲሞትብን አስከሬን አገር ቤት የሚልክ ገንዘብ በአንድ ሌሊት ስልክ እናዋጣለን። ከቤታችን ጥቂት መንገድ ርቆ ወዳለ አዳራሽ መሄድ ነው ያቃተን።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ቀጥሎ በመጣው ብርድ፣ በረዶ የጣለ ዕለት፣ እኒያ እናት በእጃቸው ያሳዩን ጠርዝ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። የእጅ አንጓቸው ተሰበረ። ያኔ መጣችሁ። አቤት አመጣጣችሁ! የሕንፃው መኪና ማቆሚያ ሞልቶ መንገድ ዳር ቆማችሁ። ድፎ ዳቦው፣ አጥሚቱ፣ በሰሃን የተከደነው ዶሮ ወጥ ከጠረጴዛው ተርፎ መስኮቱ ላይ ተደረደረ። እሳቸው ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ፣ በደኅናው እጃቸው “ብሉ እንጂ፣ ኧረ አትቀዝቅዙ” እያሉ እናንተን ያስተናግዳሉ። ከመካከላችሁ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ይህ ከተማ ለእኛ ደንታ የለውም” አለ፤ ሁላችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን? እዚያ ክፍል ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ቢቆም ኖሮ ያን ጥያቄ የሚጠይቅ አይኖርም ነበር።

ጠያቂነታችንን አላረክስም። የታመመ የምንጠይቅ፣ ያዘነ የምናጽናና ሕዝብ በመሆናችን ስደቱን ችለነዋል። ልቤን የሚያቆስለው ይኸው ደግነት ለወደቀ ብቻ መሆኑ ነው። እናታችን እንዳይወድቁ ከጎናቸው መቆም ነውር ሆነብን፤ ከወደቁ በኋላ ግን ተሽቀዳደምን። ይህን ስል ጣቴን ወደ እናንተ ብቻ አልቀስርም፤ ሁላችንም ይህንን ልማድ ከቤታችን ይዘነው የመጣን ነን፤ ለልጆቻችንም እያወረስነው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ምንም እንኳ ብትቆጡ። የከተማዋ ድርሻ የሚሰላበት አንደኛው ቀመር ለሕዝብ ብዛት ሩብ፣ ለድህነት ግማሽ፣ ለተጨናነቀ መኖሪያ ደግሞ ሩብ ክብደት ይሰጣል። የቆጠራ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ሰባት ሆናችሁ በሁለት ክፍል እየኖራችሁ “ሦስት ነን” ያላችሁ ራሳችሁን ከዚህ ስሌት ፍቃችኋል። አከራዩን ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን የቆጠራ መልስ ለአከራይ እንዳይሰጥ ሕጉ ይከለክላል። ድጎማው ራሱም እንደ ተራራ የጸና አይደለም። የእ.ኤ.አ. 2026 የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ ጨርሶ እንዲቀር ጠይቆ ነበር። ተጠቃሚው በየአዳራሹ ካልታየ የሚከራከርለት ማን ነው?

አሁን ደክሞኛል፤ ቁጣም ያደክማል። ቢሆንም ዘንድሮ የሚመጣው ስብሰባ እንደ ሌላው ጊዜ አይደለም። ከተማዋ የአምስት ዓመቱን ዋና ዕቅድ የምታዘጋጅበት ዓመት ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣው ዕቅድ ሁሉ ከዚያ የሚቀዳ ነው። በዚህ ያልተጠቀሰ ፍላጎት አምስት ዓመት ደጅ ሊጠና ይችላል። እኒያ እናት ጄሷቸውን ፈትተው ቀኑን ጠይቀውኛል፤ “እሄዳለሁ” ብለዋል። ከዚያው ሕንፃ ሁለት ወጣቶች፣ አንዷ የነርስነት ተማሪ ናት፣ የመንገዱን ፎቶግራፍ በቀንና በሌሊት አንስተው አሳይተውኛል። ከእነሱ ሌላ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ብዙ አልጠብቅም፤ ጨርሼ ተስፋ መቁረጥ ግን አልሆነልኝም፤ ለቅሶ ቤት ስትተባበሩ ያየሁ ሰው ነኝና።

መምጣት የምትችሉ ኑ፤ መናገር ካልፈለጋችሁ ተቀመጡ፤ ተነሡ ሲባል ተነሡ። ልጅ የሚይዝላችሁ ካጣችሁ ልጁን ይዛችሁ ኑ፤ ሌሎቹ ይዘው መጥተዋል። ሥራ የሚከለክላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ስጡኝ፤ እኔ ያለ ክፍያ ተርጉሜ አስገባላችኋለሁ። አንድ ገጽ አያስፈልግም፤ የምትኖሩበትን መንገድ፣ የጎደለውን ነገርና ማን እየተጎዳ እንደሆነ ጻፉ፤ ከሥሩ ስማችሁን አኑሩ። ረቂቁ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፤ ለአስተያየት የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርሰኝን ደብዳቤ ለዚህ ዕቅድ ላስገባው አልችልም።